ለባለቤቱ ያልተነገረ ውጤት

ያንን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ በማንም ላላክክ አልችልም። «ከዚህ ጥናት የሚገኝ ማንኛውም የግል ውጤት ለተሳታፊው አይገለጽም» ይላል። እንግሊዝኛው ውጭ አገር ካሉት ተባባሪዎቻችን በኢሜይል መጣልኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮዬ ተቀምጬ «አይነገርም» ልበል «አይገለጽም» እያልኩ ብዙ ቆየሁ። «አይነገርም» ክልከላ ክልከላ ሸተተኝ፤ ሰው ያስቀይማል ብዬ ተውኩት። «አይገለጽም» ለስለስ ይላል። ቃሉን ሳሳምር ነገሩን ሳላየው አለፍኩ።

ሥራዬ የካንሰር ምርምር ነው። ያደግኩት እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ነው። ሕክምና ተማርኩ፤ ጥቂት ዓመት በሐኪምነት ሠራሁ፤ ከዚያ ለዶክትሬቴ ውጭ አገር ሄድኩ። እዚያ ያጠናሁት ካንሰር ከሰውነታችን ጠባቂ ሴሎች እንዴት እንደሚያመልጥ ነበር። ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት፣ «ሌባው በር ላይ ሲደርስ ዘበኛውን ‘የቤት ሰው ነኝ’ ይለዋል፤ ዘበኛውም ያሳልፈዋል። አዲሶቹ መድኃኒቶች ዘበኛውን ‘አትመነው፣ ያዘው’ የሚሉት ናቸው» አልኳት።

«ጌታ ይመስገን። እነዚህ መድኃኒቶች እዚህ አሉ?» አለችኝ።

«የሉም፣ እማ።»

«ታዲያ ለማን ብለሽ ነው የምትማሪው?»

አንድ ቀን ይመጣሉ አልኳት። ትምህርቴን ስጨርስ ብዙዎቹ ጓደኞቼ እዚያው ቀሩ፤ እኔ ተመለስኩ። ይህን የምለው ለመመስገን አይደለም። እንዲያውም በኋላ የሆነውን ሳስብ፣ ተመልሼ መጥቼ የሠራሁት ሥራ የአመላላሽነት ሥራ ይመስለኛል።

ጥናታችን በወጣትነታቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች የሚመለከት ነበር። በኛ አካባቢ ዕድሜያቸው አርባ ያልሞላ ሰዎች በዚህ በሽታ ይመጡብናል፤ ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግን። የእኔ ድርሻ ሕሙማኑን ማነጋገር፣ ደማቸውን መቅዳት፣ በቀዶ ሕክምና ከወጣው እባጭ ቁራጭ ወስዶ በበረዶ አሽጎ መላክ ነበር። ዘረመል የሚያነብ መሣሪያ ስለሌለን ንባቡ ሁሉ የሚሠራው ባሕር ማዶ ነው።

ሰውዬው የመጣው ጥናቱ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። መናኸሪያ አጠገብ ሻንጣና ቦርሳ ይሸጣል። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው፤ እሱና ታናሽ እህቱ ወርሰው ይሠሩበታል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ደልደል ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ሰው ነበር። የሆድ ድርቀቱንና ከሰገራው ጋር ደም መቀላቀሉን አንድ ዓመት ሙሉ «ኪንታሮት ነው» እየተባለ ቅባት ሲቀባ ከርሞ ነው እኛ ጋ የደረሰው።

የቤተሰቡን ታሪክ ስጠይቀው ወረቀት ላይ እንደ ልማዳችን ወንዶቹን በአራት ማዕዘን፣ ሴቶቹን በክብ እየሣልኩ፣ በካንሰር ወይም በሚመስለው ሕመም የሞተውን እያጠቆርኩ ነበር። አባቱ፤ በሆድ ሕመም። ታላቅ ወንድሙ፤ በሆድ ሕመም፣ ገና ሳያገባ። አጎቱ። አክስቱ ደግሞ በማህፀን ካንሰር። እስክሪብቶዬን ሳነሳ ወረቀቱን ወደ ራሱ አዞረው።

«ይሄ ሁሉ ጥቁር የኛ ቤት ነው?»

«የሞቱት ናቸው።»

«ሽማግሌዎቹ የሰው ዓይን ነው ይላሉ። ሱቁ በሰፋ ቁጥር አንድ ሰው ይሄድብናል።» ሳቀ፤ ግን ትከሻው አልሳቀም።

የስምምነት ቅጹን አነበብኩለት። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ እጁን አነሳ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ። ይሄ ‘አይገለጽም’ የሚለው ለማን ነው?»

«ለተሳታፊው።»

«ተሳታፊው እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ የኔን ደም እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔ አላውቀውም ማለት ነው። እኔ እኮ ሰው ለዚፕ ጥገና የሰጠኝ ሻንጣ ውስጥ የተረሳ ነገር ካገኘሁ ለባለቤቱ እደውላለሁ።»

የተማርኩትን መልስ ሰጠሁት። የምርምር ውጤት ገና ያልተረጋገጠ ስለሆነ ሰውን በከንቱ እንዳያስደነግጥ ነው አልኩት። በትህትና ሰማኝ፤ እስክሪብቶውን ግን አላነሳም። ያኔ ቅጹ ውስጥ የሌለ ነገር ጨመርኩ። «የሚጠቅምዎ ነገር ከተገኘ እኔ ራሴ እነግርዎታለሁ።»

«እንዲህ ይበሉኛ!» አለና ፈረመ።

ቀዶ ሕክምናው በደህና ተጠናቀቀ። እህቱ ከእሱ አልጋ አጠገብ አልጠፋችም። ሠላሳ ዓመት አካባቢ የሆናት፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ፣ ነርሱንም ሐኪሙንም በጥያቄ የምታፋጥጥ ሴት ናት። ደሙና ቁራጩ በበረዶ ታሽጎ ሄደ። በወሩ ሰውዬው ወደ ሱቁ ተመለሰ።

እኔ በዚያ በኩል የማልፈው በባጃጅ ነው። ባጃጁ መናኸሪያው በር ላይ ተጨናንቆ ሲቆም ከሱቁ ደጃፍ ይጣራል። «ዶክተር! ደሜ ደረሰ?»

«ገና ነው!» እላለሁ።

ወራት አለፉ። «ደሜ ቪዛ ተከለከለ እንዴ?» ማለት ጀመረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «እኔ ሞጆን አልፌ አላውቅ፣ ደሜ አውሮፓ አየ!» ጎረቤት ነጋዴዎቹ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ውጭ አገር ላለው የፕሮጀክቱ መሪ ስለ ውጤቱ እጽፋለሁ፤ «ትንተናው እንደቀጠለ ነው፤ ስለ ትዕግሥትሽ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ይመጣል። አመንኩ። መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን አመንኩ።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሰውዬው በእህቱ ተደግፎ ሆስፒታል መጣ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሸሚዙ ሰፍቶታል። በሽታው ጉበቱ ላይ ወጥቶ ነበር። የካንሰር ሐኪማችን ያለንን የተለመደ የካንሰር መድኃኒት፣ ኬሞ፣ ጀመረለት።

በዚያው ወር የጥናቱ ጽሑፍ ረቂቅ በኢሜይል ደረሰኝ። ስሜ ከብዙ ስሞች መካከል፣ መሐል ላይ ነው። «እባክሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማጽደቅሽን አሳውቂን» ይላል። ሻይ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ሠንጠረዡ ላይ ስደርስ አንድ ቁጥር አየሁ። የናሙና ቁጥሮቹን በእጄ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የየትኛው ሕመምተኛ እንደሆነ መዝገብ ማየት አላስፈለገኝም። የሻንጣ ነጋዴው ቁጥር ነው። ከጎኑ የተጻፈው፣ ሴል ሲከፋፈል የሚፈጠረውን ስህተት ከሚጠግኑት ዘረመሎች አንዱ ሲወለድ ጀምሮ የተበላሸ መሆኑን ይናገራል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ይህ ብልሽት ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የሚደርሰው ሰው በየጊዜው አንጀቱን በካሜራ ከታየ፣ ካንሰር ከመሆኑ በፊት የበቀለውን ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። አንድ ሌላ ነገርም አለ። በዚህ ብልሽት የመጣ እባጭ ብዙ ስህተት ስለተሸከመ ጠባቂ ሴሎቹ በቀላሉ ሊለዩት ይችላሉ። ‘አትመነው፣ ያዘው’ የሚሉት መድኃኒቶች ከሁሉ በላይ የሚሠሩት በእንዲህ ዓይነቱ ላይ ነው። ኬሞ ደግሞ ብዙም አይረዳውም።

ይህን ሁሉ ጽሑፉ ራሱ ይናገራል፤ በሚያምር እንግሊዝኛ። መጨረሻው ላይ እንዲያውም «እነዚህ ማኅበረሰቦች ወደፊት ለሚደረጉ የመድኃኒት ሙከራዎች ተስፋ ሰጪ ናቸው» ይላል። ተስፋ ሰጪዎቹ እኛ ነን፤ ተስፋ የሚሰጠን ግን የለም። ከረቂቁ ጋር የተያያዘውን ሰነድ ከፈትኩ። የሰውዬው የዘረመል ንባብ ያለቀበት ቀን ተጽፏል፤ ከዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ በባጃጅ እያለፍኩ «ገና ነው» ስለው ውጤቱ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሻዬ ሳልጠጣው በረደ። በንዴት «ነገውኑ እንነጋገር» ብዬ ለፕሮጀክቱ መሪ ጻፍኩ።

የፕሮጀክቱን መሪ በማግስቱ በኮምፒውተር አገኘሁት። ከኋላው በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ ይታያል። ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«ይህ ሕመምተኛ በሕይወት አለ። እህትና ትንንሽ ልጆች አሉት። ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩት።

«ስሜትሽ ይገባኛል። ነገር ግን ይህ የምርምር ውጤት ነው፤ የሕክምና ምርመራ አይደለም። ስምምነቱም የግል ውጤት እንደማይገለጽ በግልጽ ያስቀምጣል።»

«አማርኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ታውቂዋለሽ» አለኝ፤ ሳይከፋው፣ ሳይቆጣ።

«እዚያ ያንተው አገር ሕመምተኛ ቢሆን ኖሮ?»

«እዚህ ሌላ አሠራር አለን» አለ። «ሕመምተኞቻችን በተረጋገጠ ላቦራቶሪ ድጋሚ ይመረመራሉ፤ የምክር አገልግሎትም አለ። እናንተ ጋ ያ ስለሌለ ነው ቅጹ እንዲህ የተዘጋጀው።»

ይህንን ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ስለሌለን አይነገረንም። ስላልተነገረን ደግሞ እንዲኖረን የሚጠይቅ የለም።

ወደ ክፍል ኃላፊዬ ሄድኩ። አስተማሪዬ የነበሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሁላችንም «ፕሮፍ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ረቂቁን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና አጣጠፉት።

«ልጄ፣ ነገሩ ያሳዝናል። ግን ከነዚህ ሰዎች ጋር ገና ሁለት ፕሮጀክት አለን። የዶክትሬት ተማሪዎቻችን የሚማሩት በነሱ ነው። ድልድዩን አታፍርሺብን።»

«ፕሮፍ፣ በድልድዩ የሚሻገረው ወደዚያ ብቻ ነው እኮ።»

«ተይ እንዲህ አትበይ። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ጻፊ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል።»

«ስብሰባው መቼ ነው?»

«አባላቱ ሲሟሉ።»

የሰውዬው ጉበት አባላቱ እስኪሟሉ እንደማይጠብቅ ሁለታችንም ሐኪሞች ስለሆንን እናውቃለን። ከቢሯቸው ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩና ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። መንገድ ላይ ምን እንደምል አልተለማመድኩም። ቃል ማሳመር ምን እንዳመጣ አይቻለሁ።

ሱቁ ውስጥ፣ ከተደረደሩት ሻንጣዎች ኋላ፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። እህቱ ለአንዲት ደንበኛ ቦርሳ እያሳየች ነው። ደንበኛዋ እስክትሄድ ቆየሁና በሩን ገርበብ እንድታደርገው ጠየቅኳት። ከዚያ ሳላቋርጥ ነገርኳቸው፤ ምን እንደተገኘ፣ መቼ እንደተገኘ፣ እኔ መቼ እንዳወቅኩ፣ ለእሱ ዓይነቱ በሽታ የሚሠራ መድኃኒት እንዳለ፣ ለእሷና ለሌሎቹ ዘመዶች ምን ማለት እንደሆነ።

ሰውዬው ጣሪያውን እያየ ሰማኝ። «ስለዚህ የሰው ዓይን አይደለም» አለ መጨረሻ ላይ።

«አይደለም።»

«አባቴ ሲሞቱ እናቴ ከጎረቤታችን ጋር ተጣላች። በዓይኗ በላችብን ብላ። እስክትሞት አልታረቁም።» ዓይኑን ጨፈነ። «አላህ ይቅር ይበለን።»

እህቱ ግን ቆማ ነበር። ሁሌም «እርስዎ» ትለኝ የነበረችው ሴት ያን ቀን አንቱታውን ጣለችው።

«ከዓመት በላይ? ከዓመት በላይ ታውቆ? በዚህ በር ስታልፊ ‘ገና ነው’ ስትዪን?»

«አላወቅኩም ነበር። ደብቀውብኝ ነበር።»

«አንቺ ነሽ ደሙን የወሰድሽው! እኔ የማውቀው አንቺን ነው፤ እነሱን አላውቅም!»

ልክ ነበረች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠቁመው ሌላ ሰው ነበረው፤ ለእሷ ግን የሚታያት ፊት የኔ ብቻ ነበር።

ሰውዬው እጁን አንስቶ አረጋጋት። «ዶክተር፣ መድኃኒቱስ?» አለኝ። «ይኼ ለኔ ዓይነቱ ይሠራል ያሉት?»

«አለ። እዚህ አገር ግን የለም። እሞክራለሁ።»

«በኛ ደም አውቀውት» አለች እህቱ፣ ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሎ፣ «ለኛ የለም?»

እውነት ለመናገር መድኃኒቱ በእኛ ደም አልተሠራም፤ ይህን ላርማት እችል ነበር። አላረምኳትም። ዋናውን ነገር ከኔ ይልቅ እሷ በትክክል ብላዋለች።

ሞከርኩ። ለአምራቹ ድርጅት ጻፍኩ፤ በነፃ የሚሰጡበት ፕሮግራም የኛን አገር አይጨምርም ብለው መለሱ። ለፕሮጀክቱ መሪ ጻፍኩ፤ የሚያውቃቸውን እንደሚጠይቅ ነገረኝ፤ ከዚያ ዝም። አዲስ አበባ ያሉ ባልደረቦቼን አስቸገርኩ። በግል የማስመጣት ዋጋ እንኳን ለአንድ ሱቅ፣ ለመንደርም የሚቻል አልነበረም። ለዶክትሬቴ አምስት ዓመት ያጠናሁት መድኃኒት ነው። እንዴት እንደሚሠራ፣ የቱ ጋ እንደሚጣበቅ፣ የትኛው ሴል እንደሚነቃ ሥዕሉን ዓይኔን ጨፍኜ መሣል እችላለሁ። ፈሳሹ ግን ለአንድም ሕመምተኛዬ ተሰቅሎ ቀለሙን አላየሁም።

ሰውዬው ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። መድኃኒቱ ቢገኝ ይድን ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም። ሁሉም አይድኑም። ግን የመሞከር ዕድል ነበረው፤ ያንን ዕድል የወሰደበት በሽታው አይደለም። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ። እህቱ አየችኝ፤ ሰላም አላለችኝም።

ለኮሚቴው ራሴን የሚከስ ደብዳቤ ጻፍኩ። ፈቃድ ሳላገኝ ለተሳታፊ ውጤት መንገሬን፣ ተመሳሳይ ነገር ቢገጥመኝም እንደማደርገው ገለጽኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ረቂቁን አላጸደቅኩም። ስሜ ከጽሑፉ እንዲወጣ ጠየቅኩ፤ ወጣ። ጽሑፉ ታተመ። የዚያ ሰው ቁጥር አሁንም ሠንጠረዡ ውስጥ አለ፤ ማንም ከፍቶ ሊያየው ይችላል።

ከቀብሩ አርባ ቀን ገደማ በኋላ እህቱ ቢሮዬ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ወንበር ሳልሰጣት ተቀመጠች።

«ልታይ ነው የመጣሁት» አለች። «ይኼ ካሜራ የምትዪውን።»

እኔው ይዣት ሄድኩ። በካሜራው የሚመረምረው ሐኪም አንጀቷ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ሥጋዎች አገኘ፤ እዚያው ቆርጦ አወጣቸው። እኔ ራሴ በማይክሮስኮፕ አየኋቸው። አንዱ መበላሸት ጀምሮ ነበር፤ ካንሰር ግን አልሆነም። ውጤቱን ይዤ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ፣ ሳልቀመጥ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ደጋግማ አስደገመችኝ። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ወልቂጤ ላሉ የአጎቷ ልጆች ደወለች። በጉራጊኛ ነበር የምታወራው፤ የሚገባኝ «ካሜራ» የሚለው ብቻ ነው፤ ግን እንደምትቆጣቸው ያስታውቅ ነበር።

አንድ በአንድ መጡ። አንዳንዱን አሳምና፣ አንዳንዱን አስፈራርታ አመጣችው። የዘረመል ምርመራውን አዲስ አበባ ያለ ሰው ለምኜ በመከራ አሠራሁላቸው፤ ብልሽቱ ያለባቸውም የሌለባቸውም ተለዩ። የሌለባት አንዲት የአጎት ልጅ ውጤቷን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የሰውዬው የራሱ ልጆች ገና ትንንሽ ናቸው፤ ጊዜያቸው ሲደርስ እንዲመረመሩ መዝግቤያቸዋለሁ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ የስልክ ጥሪ ነበር። ከዓመት በፊት፣ ከባሕር ማዶ፣ አንድ ጥሪ።

አሁን አዲስ ጥናት በተጀመረ ቁጥር ቅጹን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ካለችበት አልፈርምም፤ በምትኩ «ሕይወትዎን የሚመለከት ነገር ከተገኘ እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ?» የሚል እንዲገባ እጠይቃለሁ። ሁለት ተባባሪዎች ተቀብለውኛል። አንዱ «ነገር ታበዛለች» ብሎ ሌላ ሆስፒታል ፈለገ። ፕሮፍ ባለፈው አንድ ጉባኤ ላይ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል፣ ስለ «ማኅበረሰብ ተሳትፎ» ረጅም ንግግር ካደረጉ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «አሁንስ ተረጋጋሽ?» አሉኝ።

«አልተረጋጋሁም፣ ፕሮፍ» አልኳቸው። እጄን አውጥቼ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ አወያዩ ሰዓት አልቋል አለኝ፤ ቆሜ ጨረስኩት።

እህቱ በቀጠሮዋ ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት መጥታ፣ ውጤቷ ደህና ሆኖ፣ ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «ይቅር አላልኩሽም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። «የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?» አለች። ቀኑን ጽፌ ሰጠኋት።